ጅራቱ ያላለፈው ቅያሬ

እኔ ጉረኛ? «አፍህ ከእጅህ ይቀድማል» ብለሽ ጻፍሽልኝ አይደል? እሺ፣ ይቅደም። ዛሬ ግን ለመጣላት ጊዜ የለኝም እታለም። ሐሙስ ዕለት ቦህዳን በጭነት መኪናው ያደረሰልሽ፣ አፋቸው በቀይ ክር የተሰፋ አሥራ ሁለት ከረጢት የፈረስ መኖ አለ አይደል? እንዳትከፍቺው። ከፍተሽው ከሆነም ከግርግሙ ዝቀሽ አውጪው፣ ለማንም እንስሳ አትስጪው። መጀመሪያ ሄደሽ ይሄን አድርጊ፤ ከዛ ተመልሰሽ ቀሪውን አንብቢ።

አደረግሽ? እንግዲህ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? ባልሽ ኮርኒ ጣሪያውን ጠገነ ወይስ እንደ ልማዱ በረዶው ይቅለጥና ብሎ ተቀመጠ? ስለ ሦስቱ እርጉዝ ባዝራዎች ልጠይቅሽ ነበር፣ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ከትላንት ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ፤ በረዶው ያንቺን ሰፈር የስልክ ሽቦ በጥሶታል አሉኝ። ራሴ እንዳልመጣ ደግሞ የቀረውን መኖ በደቡብ በኩል ካሉት ገዢዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ የምሰበስበው እኔ ነኝ፤ ለማን እንደተጫነ በቃሌ የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። ይሄን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ቦህዳን ናፍጣ ቀድቶ ጎማው ላይ ሰንሰለት እስኪያስር ድረስ መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

«አትክፈቺ» ብቻ ብዬ ብልክልሽ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። «ይሄ ቀልማዳ ደሞ ምን አመጣ» ትያለሽ፣ ከረጢቱንም ትከፍቻለሽ። ስለዚህ የሚያሳፍረኝንም ጭምር ሁሉንም ልንገርሽ።

ለኮርኒ ማስረዳት ስላለብሽ ከሥሩ ልጀምር። እዚህ መኖ ፋብሪካ ውስጥ ጠዋት የከብት መኖ እንሠራለን፤ ከሰዓት በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቱቦ የፈረስ መኖ። የከብቱ ውስጥ ለማወፈሪያ የሚገባ መድኃኒት አለ። በሬ በልቶት ይሰባል፤ ፈረስ ግን ትንሽ ከቀመሰ ልቡን ነው የሚመታው። ስለዚህ በመሀል ቅያሬ አለ። ማሽኑ ይቆማል፣ መኖውን እየጨመቀ የሚያወጣው ቀዳዳ ብረት ተፈትቶ በሌላ ይቀየራል፣ ቱቦው ይደበደባል፣ ውስጡን እንዲጠርገው መድኃኒት የሌለበት ገብስ ይለቀቃል፣ ከዛ የፈረሱ ይጀመራል። ይሄ ሁሉ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቅያሬውን የመራው ሽማግሌው ዲሚትሮ ነው። የማናችንም የሥጋ አያት ባይሆንም ሁላችንም ዲዶ፣ አያቴ፣ ነው የምንለው። ገብሱ አልፎ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ጓንቱን ያወልቅና ባዶ መዳፉን ቱቦው እንደ ክርን በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያሳርፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። አራት ደቂቃ! «ዲዶ፣ ተኛህ እንዴ?» ስለው «ዝም በል አንተ ለፍላፊ፣ ጅራቱ ይለፍ» ይለኝ ነበር። ጅራት የሚለው የከብቱን መኖ መጨረሻ ነው፣ መታጠፊያው ውስጥ ተለጥፎ የሚቀረውን። ከዛ ራሱን አንዴ ነቅነቅ ያደርጋል፣ እኛም እንጀምራለን። ባለፈው መከር እግሩ ከዳውና አረጋውያን ቤት ገባ። ቅያሬው ለኔ ተሰጠ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ለኔ!

ገና መንበሬ ሳይሞቅ ባለቤቶቹ መጡና ቅያሬው ከሃያ ደቂቃ በታች ካልወረደ የፈረሱን ሥራ ወደ ሌላ ከተማ እናዞረዋለን አሉ። ከቶሮንቶ ዊትሎክ የሚባል አስተማሪ ላኩብን። ጫማው አቧራ አይዝም ሰውየው። ሦስት ቀን በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸንና እያንዳንዷን እርምጃ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፋት። «ናዛር፣ ከነዚህ ውስጥ ማሽኑ ሳይቆም በፊት ቀድሞ ሊያልቅ የሚችለው የትኛው ነው?» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ጥያቄ እዚህ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔ ደግሞ አንዴ ከተከፈተልኝ ማን ያቆመኛል! መፍቻ ፍለጋ መሮጥ ቀረ፤ ዕቃው ሁሉ በጋሪ ላይ ተደርድሮ ማሽኑ አጠገብ ይጠብቃል። ስምንት ቡሎን የነበረበት ቦታ ሩብ ዙር የሚጠመዘዝ መያዣ ገባ፣ የኔ ሐሳብ ነው። ቀዳዳ ብረቱ ቀድሞ ሞቆ ይቀመጣል፣ የኔ ሐሳብ ነው። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ እኩል ይሥራ የሚለው የዊትሎክ ነው፣ ግን እኔም ላስበው ነበር። በስድስት ሳምንት ከሃምሳ ሁለት ወደ ሃያ ሦስት አወረድኩት።

ከዛ ወዲያ ሊቆረጥ የሚችል አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ። «መዳፍ ማሳረፍ፣ አራት ደቂቃ» ይላል፤ ከዲዶ ወርሼ እኔ ብቻ የማደርገው። ዊትሎክ በቀይ ሰረዘው። «ይሄ ሥራ አይደለም፣ መጠበቅ ነው» አለ። እኔም አጨበጨብኩ፣ አልደብቅሽም።

በማግስቱ ያለሱ ቀየርን። በኔ የእጅ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ፣ አብሮኝ በሚሠራው በላይል ሰዓትም አሥራ ዘጠኝ። ካሜራው ግን ሃያ ሦስት አለ። ዊትሎክ «እስቲ እንየው» ብሎ ቢሮ ወስዶ አሳየን። እታለም፣ ገብሱ ሲያልፍ ሁለታችንም ሥራ አቆምን። ጓንታችንን አወለቅን። መዳፋችንን ቱቦው ላይ አሳርፈን ዓይናችንን ጨፈንን። ፊልሙ የተጣበቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከኋላችን አቧራው ይንሳፈፋል፣ የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። አራት ደቂቃ። ከዛ ሁለታችን እኩል ራሳችንን ነቅነቅ አደረግን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራችንን ቀጠልን። እኔ አንዱም ትዝ አይለኝም! የእጅ ሰዓታችንን ከግድግዳው ጋር ብናስተያየው የሁለታችንም አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ላይል «አንተ ነህ ያስጀመርከኝ» አለኝ። «ያ የማን እጅ ነው ታዲያ፣ የእናትህ?» አልኩት። ዊትሎክ ሳቀ፣ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል። «ልማድ ነው፣ ሰውነት ቶሎ አይረሳም» አለ። የኔስ ይሁን፣ ልማድ ይባል። ላይል እኮ ዲዶ ከሄደ በኋላ ነው የተቀጠረው። ሽማግሌውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

አሁን ፈርንን ላምጣልሽ፣ አረጋውያን ቤት ያለችውን ነርስ። ባለፈው ቅዳሜ የዶሮ መኖ ልትገዛ መጥታ «እናንተ ሰዎች ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ምንድነው የምትሠሩት?» አለችኝ። ለምን ስላት «ዲሚትሮ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ምሳውን ትቶ ይነሳና መዳፉን ማሞቂያው ቧንቧ ላይ ያሳርፋል። ያቃጥልሃል ብንለው አይሰማም። አራት ደቂቃ ቆሞ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ተመልሶ ሾርባውን ይጨርሳል። እሁድ አያደርገውም። ማክሰኞ ለት ደሞ በዘጠኝ ሰዓት አደረገው» አለችኝ። ማክሰኞ ሞተሩ ተቃጥሎብን ቅያሬውን ያደረግነው በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ይሄን ለማንም አልነገርንም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ታውቂኛለሽ፣ እልህ ያዘኝ። አረጋውያን ቤት ያለ ሽማግሌ ነው እንዴ የሚያሸንፈኝ? ያንቺም ደብዳቤ በዚያው ሰሞን ደርሶኛል። ረቡዕ ለት ድርብ ጓንት አድርጌ አንጓዬ ላይ በሲባጎ አሰርኩት፣ ጆሮዬን ደፈንኩ፣ ላይልን «አፍህ አንዴ እንዳይዘጋ፣ እርምጃዎቹን እየጮህክ ጥራ» አልኩት። ገብሱ ሲያልፍ ቀኝ እጄ ከበደኝ። ሰው ክርኔን ይዞ ወደ ቱቦው የሚስበኝ ነው የሚመስለው፣ ያውም በቀስታ፣ እንደሚለምን ሰው። በግራ እጄ ቀኜን ይዤ ማስነሻውን በትከሻዬ ገፋሁት። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! በካሜራውም አሥራ ዘጠኝ! ፋብሪካው በጭብጨባ ተናጋ፣ ዊትሎክ አቀፈኝ።

አሁን ጥፋቴን ስሚ። ከቅያሬ በኋላ የሚወጡትን የመጀመሪያ ከረጢቶች ሁሌ ለከብት መልሰን ነው የምንደፋቸው፤ ይሄን ማንም ያውቃል። እኔ «እነዚህማ የአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ልጆች ናቸው፣ አይደፉም» አልኩ። ላይል «ተው» ብሎኛል፣ አልሰማሁትም። አሥራ ሁለቱን በቀይ ክር ሰፍቼ ላንቺ ጫንኩልሽ፣ ላልሽኝ ነገር መልስ እንዲሆንሽ። አሥራ ሦስተኛውን ለራሴ ማስታወሻ ብዬ አስቀረሁት።

ትላንት ዓርብ ፈርን ደወለች። «ዲሚትሮ ከረቡዕ ሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እጁን ከቧንቧው አላነሳም። ወንበር ሥሩ አስገባንለት፣ በማንኪያ እናጎርሰዋለን። ሁለት ወንዶች ሊያላቅቁት ሞክረው አልቻሉም። ያንተን ስም እየጠራ ነው» አለችኝ። ሄድኩ። እንዳያቃጥለው ብለው ማሞቂያውን ስላጠፉት ክፍሉ በረዶ ነው፣ ትንፋሹ ይጨሳል። «ዲዶ፣ እኔ ነኝ፣ ናዛር። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አገባሁት እኮ» አልኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ «ዝም በል» አለኝ፣ «ጅራቱ አላለፈም»። እኔም እጄን ከእጁ ጎን አሳረፍኩ። ቧንቧው እንደ ሬሳ ይቀዘቅዛል። ውስጡ ግን እህል ይንሸራተታል እታለም። ሸርር ይልና ዝም ይላል። እንደገና ሸርር ይላል። ፈርንም እጇን አስጠግታ ነበር፣ አንስታ አማተበች።

ዛሬ በጠዋት እኔና ላይል የቱቦውን መታጠፊያ ፈታነው። የከብቱ መኖ ክንድ በሚያህል ውፍረት ተጋግሮበታል። ግማሹ ግን ተቦርብሯል፣ አዲሱ መኖ ሲያልፍበት እየፋቀ ወስዶታል። የት ወሰደው? አሥራ ሦስተኛውን ከረጢት ዘርግፌ በወንፊት አበጠርኩት። ቀይ ፍርፋሪ! የከብቱ ቀለም ነው ቀይ። ያኔውኑ ለባለቤቶቹ ተናገርኩ፣ ማሽኑ ቆሟል። ምናልባት ያባርሩኝ ይሆናል፤ ያባርሩኝ።

መታጠፊያውን እስኪያበራ ድረስ ካጠብነው በኋላ ለፈርን ደወልኩላት። «ለቀቀ?» አልኳት። «አለቀቀም» አለችኝ። ቱቦው ንጹሕ ነው እታለም፣ ምላስሽን ብታሳልፊበት አያቆሽሽሽም። የደቡቦቹ ደግሞ ኋላ የወጡት ናቸው፣ እስካሁን ደርሼ ካበጠርኳቸው ውስጥ ቀይ የለም። ታዲያ ያላለፈው ጅራት የቱ ነው? አንቺ ግርግም ውስጥ ያለው እንዳይሆን ነው የምፈራው።

አሮጌውን ከረጢት ሳትጨርሺ አዲስ እንደማትከፍቺ አውቃለሁ፣ ተስፋዬ እሱ ነው። ግን ከባዝራዎቹ አንዷ መብል እምቢ ካለች፣ በላብ ከተጠመቀች፣ የኋላ እግሯ ከተንቀጠቀጠ፣ አታስኪጃት፤ ከቆመችበት ሳታንቀሳቅሻት ኮርኒ ሮጦ የእንስሳት ሐኪሙን ያምጣ። የመድኃኒቱን ስም በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይል ጽፎልኛል፣ አሳዩት። ይቅርታ ማለት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። ይሄን ሁሉ ጽፌልሻለሁ፣ እንደሱ ቁጠሪው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ጾም ሳይገባ እመጣለሁ በያት። ለኮርኒ «በጥፊ የማጮል መብት ሰጥቼሃለሁ፣ ስመጣ አጩለኝ» ብሎሃል በይው። ትንሿን ልጅሽን ሃሊያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ እሷ ለድንክ ፈረሷ በእፍኟ ሰርቃ እንደምትሰጥ አውቃለሁና ባለቀይ ክሩን ከረጢት ነካክታ እንደሆነ በቀስታ ጠይቂያት፣ እንዳትቆጫት። ውሻውንም ከከረጢቱ አርቁት። ባዝራዎቹን ስማቸውን እየጠራሽ አንገታቸውን ዳሺልኝ።

ወንድምሽ ናዛር
ዞሪያ፣ ሳስካችዋን፣ ቅዳሜ ማርች 5 ቀን 1994

ቦህዳን ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፍሽ ላይ ይጠብቃል። ከፈትሽው ወይስ አልከፈትሽውም? አንድ ቃል ጽፈሽ ስጪው፣ አሁኑኑ!