ከኋላ የሚቆጠር ሞተር

ይድረስ ለወንድምጋሼ ታረቀኝ ደባልቄ
ድሬዳዋ

ወንድምጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? አይናለምስ የወገቧ ሕመም ለቀቃት? እዩኤልና ሕብረት ትምህርታቸውን በርትተው ይዘዋል? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ በአካል ማለቴ ነው፤ ሌላውን ወደ ታች ታነበዋለህ። ስልክ እያለ ወረቀት ያነሳሁት እማዬ ስልክ በተነሳ ቁጥር ጆሮዋን ስለምትጥል ነው፤ ይህን ደብዳቤም ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ እልከዋለሁ።

በአባባ ነገር እንደተኳረፍን ነው የቆየነው። አንተ፣ ታጣቂዎች ከተማውን በወረሩበት በዚያ ክፉ ቀን ድባጤ የቀረ ሰው በሕይወት ቢኖር እስካሁን ድምፁን ያሰማን ነበር፣ እርማችንን እናውጣና እማዬም ጥቁሯን ትልበስ አልክ። እኔ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አልኩ። እማዬም ከእኔ ጋር ሆነች። አሁን የምጽፍልህ ያን ክርክር ልጨርሰው ብዬ ነው።

በመጋቢት ባቢከር የሚባል የዚህ አገር ነጋዴ አንዲት ቀይ መኪና አስጎትቶ ጋራዤ አመጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ የጥንት የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። ለአሶሳ መንገድ ምኗም አይሆን፤ ሆዷ መሬት ይልሳል። ባቢከር ግን ወዷታል፣ የወደደ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም። ዘይት ትጠጣለች፣ ሰማያዊ ጭስ ታጨሳለች፣ ዳገት ታለምጣለች።

አንተ ከልጅነትህ ግሪስ ስለምትጸየፍ ላስረዳህ። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ውስጡ ሲበላ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል። ያን ጊዜ ውስጡ የተሰካውን የብረት ቱቦ፣ ላይነር የምንለውን፣ እናወጣለን፤ የተሰካበትን ቀዳዳ በማሽን ሰርስረን እናስተካክልና አዲሱን በኃይል ገፍተን እናስገባለን። ሞተሩን አውርጄ የላዩን ክዳን ስከፍት በላይነሮቹ ከንፈር ላይ በሹል ብረት የተመቱ ነጥቦች አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቆጠራው የሚጀምረው ግን ከኋላ፣ ከካምቢዮው በኩል ነበር።

የአባባን ነገር ታውቃለህ። መካኒክ ሁሉ ሲሊንደር የሚቆጥረው ከፊት ነው። እሱ ብቻ፣ ሸክሙን የሚቀበለው የኋላው ነው፣ መቁጠር ከተሸካሚው ይጀመራል እያለ ከኋላ ይቆጥር ነበር። ባቢከርን ይህ ሞተር መቼ ነበር የተከፈተው አልኩት። መኪናዋ ገና የሌላ ሰው እያለች፣ በ2014 ክረምት ከድባጤ ወዲያ ማንቡክ ላይ ነው፣ መካኒኩን ግን አላውቀውም፣ አጠያይቄ ስልክ ቁጥሩን አመጣልሃለሁ አለኝ። አባባ ከጠፋ ከዓመት በላይ ሆኖት ማለት ነው። ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ቁጥሩ እስኪመጣ አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ ደስታ አላስችል አለኝ። አንዱን ላይነር በጨርቅ ጠቅልዬ ለእማዬ ወሰድኩላት። ቆጠራው ከኋላ እንደሆነ ስነግራት ነጥቦቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ተነስታ ከድባጤ ይዘነው የመጣነውን የአባባን ኮት ከሳጥን አውጥታ አጠበች፤ አንድም ቀን ሳይለበስ ደጋግማ ታጥበዋለች። ጫማውንም ገና ከውጭ እንደገባ ሰው ጫማ አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ በሩ ሥር አስቀመጠችው።

እኔም በጤናዬ አልነበርኩም። ላይነሮቹ ወጥተው የሞተሩ ብሎክ ባዶ ሲሆን፣ ጎንበስ ብዬ ስናገር ድምፄ ከጉድጓዱ ተመልሶ የአባባ ሳል ይሆንብኛል። ቁልፍ ባጠበቅሁ ቁጥር ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። ዞር እላለሁ፣ ማንም የለም። አባባን ፈራሁት ብልህ ታምነኛለህ? የናፈቅሁትን ሰው ፈራሁት።

ቁጥሩ መጣ፤ ደወልኩ። ያነሳው ዳበሳ ነው፤ አባባ ድባጤ ላይ ከእኛ እኩል አብልቶ ሙያ ያስተማረው ዳበሳ። በኃይሉ ነኝ ስለው፣ በስልክ አይሆንም፣ እመጣለሁ ብሎ ዘጋው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ከኋላ መቁጠርን ከአባባ የተማርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

እንዳለውም መጣ። ጋራዡ ውስጥ፣ የተከፈተው ሞተር በመካከላችን ሆኖ ነገረኝ። ታጣቂዎቹ አባባን የገደሉት በቀኑ ሊያደርስ ቃል የገባውን የሰው መኪና ሞተር ሲገጥም ነው። ዳበሳ ጫካ ውስጥ አድሮ ተመልሶ፣ ከድባጤው ጋራዥ ጓሮ ከማንጎው ሥር በገዛ እጁ ቀበረው። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ብዬ ጮኽኩበት። “መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ መንገድ እስኪከፈት ጠበቅሁ። መንገዱ ሲከፈት እኔ ተዘጋሁ” አለኝ። ልመታው ተነስቼ ነበር፤ አቅፌው አለቀስኩ። ወንድምጋሼ፣ ልክ ነበርክ። ልክ ባትሆን ምን ነበረበት!

እዚህ ጎረቤቴ የሆነው የቶርኖ ቤት ባለቤት ሙርሳል ሲሊንደሮቹን ሰረሰረልን፤ አዲሶቹን ላይነሮች እኔና ዳበሳ አስገባናቸው። ነጥቦቹን እኔ መታሁ፤ ከኋላ ጀምሬ። ዳበሳ የሚያድረው ሙርሳል ዘንድ ነው፤ እማዬ ካየችው ሁሉን ትረዳለች። እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዘን እንነግራታለን፤ ነገር ግን የበኩር ልጇ አጠገቧ ሳይኖር አላደርገውም፣ አልችልም። እባክህ ቶሎ ና።

ትናንት ሞተሩን አስነሳነው። ድምፁ ጠራ ያለ ነበር። እማዬ ከቤት ስትመጣ ዳበሳ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ሞተሩ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር አሮጌውን ላይነር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ ታረቀኝ መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ። ልጠራህ ማሰቤን አልነገርኳትም ነበር።

አይናለምን እንደ እህቴ ሳምልኝ። እዩኤል ያቺን መኪና ቢያይ እንደማይለቃት ንገረው፤ ሕብረትንም ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችሁን እትዬ አገኘሁሽንም እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። የምትመጣበትን ቀን ለሙርሳል ደውለህ ንገረው፤ ቁጥሩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ ወደ ቤት አትደውል። ይህን ልጽፍ ከቤት ስወጣ በሩ ሥር ያለውን የአባባን ጫማ አየሁት፤ እማዬ እንደሚሄድ ሰው ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራዋለች።

ታናሽ ወንድምህ
በኃይሉ ደባልቄ
አሶሳ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.