ሁለተኛው ምርመራ

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ነግሯቸዋል። ትናንት «ለማንም እንዳትናገር» ስለው «አብደሻል እንዴ፣ ለማን እናገራለሁ?» ያለኝ ባሌ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ እናቱን ከቱሉ ዲምቱ ይዞ መጣ። እማማ ዘነቡ ገና አረፍ ሳይሉ «ናቲን ወዲህ በይው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ናፍቋቸው መስሎኝ ሰጠኋቸው። ለካ በሰባት ወሩ ጡት ሊያስጥሉብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሊቲ ብስኩት ፋብሪካ ልቀጠር ነበርና የጤና ምርመራ ታዘዘልኝ። ደሜ ታየ። ሄፓታይተስ ሲ የሚሉት የጉበት ቫይረስ አለ፤ የእሱ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ። ውጤቱን የነገረኝ ልጅ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ቤት መጥቼ ለታሪኩ አለቀስኩለት። ባሌ አይደል? ለማን ላልቅስ?

እማማ «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ቤቱ መርፌ የሚወጋ ሰውዬ ነበር፣ ምናልባት ከዚያ ይሆናል አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ አልረሳትም።

«በወተትሽ ልጁን ልትጨርሺው ነው?» አሉ ደግሞ። ታሪኩን አየሁት፣ አንድ ነገር ይል እንደሆነ። የሚነዳውን የሲኖ መኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ «ለጊዜው ነው፣ እስኪጣራ» አለኝ። ናቲን ይዘውት ሄዱ። የጡጦውን ክዳን ረስተውታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ጡቴ ድንጋይ ሆኗል። አልቤ ደፋሁት። የልጄን ምግብ በገዛ እጄ ደፋሁት።

ዛሬ የሠራሁት፦ አለቀስኩ። የናቲን ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ከዚያ ንድድ አለኝና ናቲን የወለድኩበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ያዋለደችኝ ሲስተር ሀና ወረቀቱን አየችና «ታዲያ ማን በሽተኛ ነሽ አለሽ?» አለችኝ።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። አንቲቦዲ ማለት ቫይረሱ ራሱ አይደለም፤ ሰውነቴ እሱን ሲያገኝ የሠራው መከላከያ ነው። «ቤትሽ ገብተሽ ጠረጴዛ ላይ የተጠጣበት ብርጭቆ ብታዪ፣ እንግዳ መጥቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሄዷል ወይስ ጓዳ ተቀምጧል የሚለውን ግን ብርጭቆው አይነግርሽም። ጓዳውን ማየት አለብሽ።» ጓዳውን የሚያየው ሁለተኛ ምርመራ ነው፤ ቫይረሱን ራሱን ደም ውስጥ ይፈልገዋል። አንዳንድ ሰው ሳያውቀው ይይዘውና ሳያውቀው ይለቀዋል አለች። ባይለቀኝም መድኃኒት አለው።

«ጡትስ?» አልኳት።

«በወተት አይተላለፍም። ጡትሽ ቆስሎ ካልደማ በስተቀር አጥቢው።»

ደሜን ራሷ ቀዳችልኝ። ከተማ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ትንሽ ቀን ይቆያል። ስመለስ እግሬ ቀሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ታሪኩ እናቱ ጋ አደረ። ናቲ ስላስቸገራቸው ነው አለ በስልክ። ሲስተር ያለችኝን ልነግረው ስጀምር «ኔትወርክ የለም፣ አትሰሚም» አለኝ። እኔ እሱን ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ።

ለእማማ ደወልኩ። ጡት አይከለከልም ተብያለሁ አልኳቸው። «ነርስ ምን ታውቃለች» ብለው ዘጉት። ከጀርባ ናቲ ያለቅስ ነበር። ልብሴ ረጠበ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እኔ እኮ እናትየውን አይደለም የተቀየምኩት። እሳቸውማ ምን ቃል ገቡልኝ?

እሁድ፣ የካቲት 12

ናቲ አጠገቤ ተኝቷል።

ነገ ጾም ይገባል፣ ዛሬ ቅበላ ነበር፣ ቱሉ ዲምቱ ተጠራሁ። ሁሉም ትሪውን ከበቡ። ለእኔ በሣህን ለብቻ። ውሃ እንኳን በላስቲክ ኩባያ። ታሪኩ ከትሪው እየቆረሰ ይጎርሳል፣ አንገቱን ደፍቶ። እኔ በቅበላ ቀን እንደ መንገደኛ ጥግ ይዤ።

ሰላም፣ የታሪኩ ታናሽ እህት፣ አላስቻላትም። «እማዬ፣ ታሪኩስ? ለዱባይ ሲመረመር እሱንም ይሄንኑ አይደል ያሉት? ለእሱ ሣህን ለይተሽለታል?»

ሁሉም እጁን ከትሪው ላይ ሰበሰበ።

ሳንጋባ በፊት ዱባይ ሊሄድ ነበር። ለምን ቀረህ ስለው «ደላላው በላኝ» ነበር ያለኝ። እኔም ስንት ዓመት ያንን ደላላ ስረግመው ኖርኩ! እናቱ ያውቃሉ፣ እህቱ ታውቃለች፣ እሱ ያውቃል። እያወቁ ነው ከየት አመጣሽው የተባልኩት። እያወቀ ነው ልጄን ከጉያዬ ሲወስዱት ቁልፍ ሲያሽከረክር የነበረው።

ተነሣሁ። ናቲን ከመኝታ ቤት አንሥቼ ወጣሁ። እማማ «ልጁን የት ልትወስጂው?» አሉ። «ቤቱ» አልኳቸው።

ታክሲው ኋላ ወንበር ላይ በነጠላዬ ሸፍኜ አጠባሁት። መጀመሪያ ፊቱን አዞረብኝ፣ ጡጦ ለምዷል። ቃሊቲ ልንደርስ ስንል ያዘው። ደስ ሲል።

ሰኞ፣ የካቲት 13

ታሪኩ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ብነግርሽ ታገቢኝ ነበር?» አለኝ። መልስ ሆኖ ሞቷል!

እኔ ግን ነገርኩህ አልኩት። በዚያው ቀን። እያለቀስኩ።

ሁለተኛውን ምርመራ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «የምን ሁለተኛ? አለብህ ተባልኩ፣ አለቀ። ጉበቴ እስኪያልቅ ነው የምጠብቀው» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ጓዳውን ሳያይ፣ ብርጭቆውን ብቻ አይቶ ሞቱን ሲጠብቅ ኖሯል። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። ማጭዱ ዛሬ እኔ እጅ ነው፣ ትንሽ ይቃጠል።

ዓርብ፣ የካቲት 17

የለም። ቫይረሱ ደሜ ውስጥ የለም። ሲስተር ሀና አቀፈችኝ። አንቲቦዲው ግን ዕድሜ ልክ አይጠፋም፣ ነገም ብትመረመሪ ፖዘቲቭ ይልሻል፣ እንዳትደነግጪ አለችኝ። ቀጥላ «ባለቤትሽስ ታይቷል?» ስትለኝ ፊቴ ጋለ።

ቤት ስገባ ታሪኩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ነገርኩት። መጀመሪያ ያደረገው ለእናቱ ሊደውል ስልኩን ማንሣት ነው። «አስቀምጠው» አልኩት። አስቀመጠው። ከዚያ የእሱንም ነገርኩት፤ የአንተም ወረቀት «አለብህ» አላለህም፣ «አግኝቶህ ነበር» ነው ያለህ፣ ሄደህ ታይ አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እንባውን ልጠርግለት እጄ አልታዘዘኝም።

«ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«ናቲን ማን ይይዝልኛል?» አልኩት። «እናቴ ጋ» ሊለኝ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

እሄዳለሁ። ናቲን አዝዬ እሄድለታለሁ፣ ደሙን እስኪሰጥ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ወደየት ቤት እንደምመለስ ግን ገና አላወቅኩም።