በሹራቧ የተደፈነው ቀዳዳ

ለተወደድከው ወንድም ጋሼ ወልደሩፋኤል፣

እንደምን ሰንብተሃል? የአሰብ ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? ወደቡ ላይ ጆንያ ስትሸከም የተጎዳው ወገብህስ ተሻለህ? እኛ በሰለችን ከቀበርን ወዲህ ደህና ነን ለማለት አፌ ቢከብደኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ወንድም ጋሼ፣ እህታችን የሞተችው በብርድ ነው ብለን የጻፍንልህ እውነት አይደለም። በኅዳር ውርጩ ሲበረታ የመኝታ ክፍሉን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃና በጭድ የመረግሁት እኔ ነኝ። «ጎበዝ፣ ነፋስን መግቢያ አሳጣኸው» ብላ ያመሰገነችኝም ራሷ በሰለች ነበረች። ማታ እማዬ የከሰል ምድጃ አስገባችላት፤ ጠዋት አልነቃችም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ገብረ ጻድቅ ክፍሉን አይተው፣ ፍም ጭሱ ባይታይም መውጫ ካጣ ሰው እንደሚገድል ነገሩኝ። እማዬ ግን «ፍም ምን ጭስ አለው? ልጄን የበላት ውርጭ ነው» አለች።

አሁን የባለቤትህ የእናናየሁ ወሯ ገብቷል። እማዬ የምታርሳት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ምድጃ ነው። እሑድ ሰንበቴ ስትሄድ ጠብቄ ከጣሪያው ሥር ግድግዳው ላይ በመሮ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ በሳሁ። ስትመለስ «ቤቴን ወንፊት አደረግኸው! የአንዷ ሬሳ አልበቃህም?» አለችኝ። እናናየሁ ግን «ምጤ ሳይደርስ እናንተ አማጣችሁኝ» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀዳዳው በበሰለች ሰማያዊ ሹራብ ተደፍኗል። ሦስት ጊዜ በርጩማ ላይ ቆምኩ፤ ሦስቴም ሳልነካው ወረድኩ። ገና እሷን እሷን ይሸታል።

እማዬ ጭሱ ነው ብላ ካመነች፣ ምድጃውን ያስገባችው እሷ ስለሆነች ጥፋቱ የራሷ ሊሆንባት ነው። መስማት የማትፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥፋቱ የመራጊው እንጂ ያንቺ አይደለም ብለህ ጻፍላት። እኔ እችለዋለሁ። ምድጃው ደጅ ይደር፣ ቀዳዳው ይከፈት በላት። እኔ ካነበብኩላት «ከራስህ ጨምረህ ነው» ትለኛለች፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለለየች በትልልቁ ጻፈው፣ ራሷ ታንብበው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የቦቴ ሹፌሩ ጋሼ ዓወል ነው፤ መልሱን በእሱው ላክ። ምጡ ከቀደመህ ግን ሹራቡን አወጣዋለሁ። በሰለች ይቅር ትበለኝ።

እማዬ «ዓይንህን ያሳየኝ» ብላሃለች። እናናየሁን በጣም ናፍቀሃታል፤ የልጁን ስም አስብ ብላለች። ጎረቤታችን እትዬ ይርጋለምም ሰላም ብለውሃል።

ታናሽ ወንድምህ ወልደጻድቅ
ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.