«ልብስ ለማየት ቴአትር ቤት የሚገባ የለም» ብዬ ስለ ጻፍኩት ዓረፍተ ነገር

ለክቡር የዓመታዊው የቴአትር ሽልማት ዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ሆነ አብረውዎት ለሚዳኙት ስድስት የተከበሩ ሰዎች ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም የወገብን ጤንነት እመኛለሁ፤ በአንድ ዓመት ሠላሳ አንድ ቴአትር፣ ያውም በእነዚያ ወንበሮች ላይ፣ ያውም እንቅልፍ እንዳልወሰደው ሰው ሆኖ መከታተል ቀላል መሥዋዕትነት እንዳልሆነ ከራሴ አውቀዋለሁና። እኔ አዲሱን ሙዚቃዊ ቴአትር ዘጠኝ ጊዜ ብቻ አይቼ ዛሬ ካልሲዬን የማጠልቀው ግድግዳ ተደግፌ ነው።

ስሜን እዚህ መድገም አያስፈልገኝም፤ እርስዎ ራስዎ ባለፈው ማክሰኞ በቴአትር ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትልልቅ ፊደላት ለጥፈውልኛል። በሙያዬ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ በሱሴ ደግሞ የቴአትር ተመልካች። ሁለቱን ለይቼ መያዝ ስለማልችልበት፣ በሕንፃ ሆድ ውስጥ ብሎን ሳጠብቅ የዚያኑ ቴአትር ዘፈኖች አንጎራጉራለሁ፤ የአምስተኛ ፎቅ ጸሐፊዎችም ሁለት ጊዜ «አሳንሰሩ ውስጥ ሰው ተይዞ እያለቀሰ ነው» ብለው ለአለቃዬ ደውለዋል።

እሁድ እሁድ የከሰዓቱ ትርኢት ሲያበቃ በጎን በሩ ደረጃ ላይ የምንቀመጥ አራት ሰዎች አለን። ራሳችንን «ሸንጎው» ብለን እንጠራለን፤ የበሩ ጥበቃ ግን «እነዚያ መንገድ የሚዘጉት» ይለናል። አንዱ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ሲሆን ማን ምን እንደሚያሸንፍ በመቶኛ፣ እስከ ነጥቡ ድረስ አስልቶ ይነግረናል፤ እስካሁን አንድም ጊዜ ልክ ሆኖ አያውቅም፣ በስንት እንደተሳሳተ ግን ሁልጊዜ በትክክል ያሰላዋል። ሁለተኛዋ የጥርስ ሐኪም ናት፤ መሪ ተዋናዩ ከፍ ያለውን ዜማ ይዞ እኛ እንባችንን ስንጠርግ፣ እሷ «ያ የኋላ መንጋጋው ዛሬም አልተነቀለም» ትላለች። ሦስተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የሚያጨበጭበው ሁልጊዜ እሱ ስለሆነ «አስጀማሪው» እንለዋለን። አንድ ጊዜ ከጣሪያ መብራት ሲወድቅ እንኳ አስጀምሮ ሕዝቡ ተከትሎታል። አራተኛው እኔ ነኝ፣ የእኔም ድርሻ ቃል ማሳመር ነው።

ሦስት ወር ሙሉ አፋችንን ያደከምነው አዲሱ ሙዚቃዊ ቴአትር ዘንድሮ ሽልማት ያገኛል ወይስ አያገኝም በሚል ነበር። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ኮሚቴዎ ዘፈን ያለበትን ሥራ እስካሁን ሸልሞ አያውቅም፤ ዳኛ ፊት የሚያለቅስ ሰው ዝም ብሎ ማልቀስ አለበት እንጂ እያዜመ ካለቀሰ አይቆጠርለትም። ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን ደግሞ የባቡር ጣቢያው ትዕይንት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ ባቡሩ ያፏጫል፤ ትነሳለች፤ አንድ ጊዜ ዞር ስትል ጥቁሩ የለም፣ በልጅነቷ የለበሰችው ቢጫ ቀሚስ ሆኗል። መምህሩ ሰዓት ይዞ ከፉጨቱ እስከ ቢጫው አሥራ አንድ ሰከንድ ቆጥሯል። የትዕይንቱ ኃይል ከየት መጣ በሚለው ላይ መምህሩ «ከዜማው» አለ፤ ሐኪሟ «ከተዋናይቷ ትንፋሽ» አለች፤ አስጀማሪው «ከጭብጨባው» አለ። እኔ «ከመብራቱ» ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ለሦስት እሁድም ከዚያ አልተነቃነቅሁም።

ሙዚቃዊ ቴአትራችን እንዲያሸንፍ ያገኘነው መላ «ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር» የሚል አዲስ ዘርፍ እንዲከፈትለት ኮሚቴዎን መጠየቅ ነበር። ዘንድሮ የተሠራው ሙዚቃዊ ቴአትር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ መምህሩ የማሸነፍ ዕድሉን ዘጠና ስድስት በመቶ አደረሰው፤ ቀሪዋን አራት በመቶ ለእርስዎ ጥበብ ተወላት። ነገር ግን የኮሚቴዎ ደንብ ሽልማቶቹ ከአሥራ ሁለት እንዳይበልጡ ስለሚያዝዝ፣ አንዱ እንዲገባ አንዱ መውጣት ነበረበት። ደረጃው ላይ ሆነን አንድ በአንድ አነሳናቸው። መብራት ይውጣ ሲባል አስጀማሪው የሚስቱ ወንድም መብራት ባለሙያ ነውና ብድግ አለ። ሜካፕ ይውጣ ሲባል ሐኪሟ ከንፈርና ጥርስ አይነጣጠሉም ብላ ተቆጣች። ዜማን መምህሩ አላስነካም አለ። ተከራካሪ ያጣው አልባሳት ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ «ባለቤትህ እዚያው ቴአትር ቤት ልብስ ሰፊ አይደለችም እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ይህንን አልክድም። እኔም እጄን እያወዛወዝኩ «እሷ ምን ቅር ይላታል?» አልኩ። ከዚያም ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይበልጥ የተዋጣልኝን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ክቡራን ዳኞች ሆይ፣ ልብስ ለማየት ገበያ እንጂ ቴአትር ቤት የሚገባ የለም።» ሸንጎው አጨበጨበ፤ አስጀማሪው አስጀመረ።

ማስታወቂያዎ በተለጠፈበት ማክሰኞ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ ቦርሳዋን በቦታው ሰቅላ፣ «ጽሑፍህን ሰሌዳው ላይ አየሁት፤ ፊደሉ ትልቅ ነው» አለችኝ። እኔ ሞኙ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ «እና እንዴት አገኘሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ከፍታ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር አንድ ፖስታ አውጥታ ምግቤ አጠገብ አስቀመጠችውና እጇን ልትታጠብ ሄደች። በእርስዎ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ ነበር። «በባቡር ጣቢያው ትዕይንት በአንዲት ክር መሳብ ብቻ ስለሚለወጠው ቀሚስ» የምርጥ አልባሳት ሽልማት እጩ መሆኗን ያበስራል፤ ይፋ እስኪሆንም ለማንም እንዳትናገር ያስጠነቅቃል። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት «ለማንም አይነገር ይላል፤ አንተ ደግሞ ደረጃው ላይ ትቀመጣለህ» አለችኝ። ይህን የሚያህል ትክክለኛ ፍርድ ከየትኛውም ዳኛ ሰምቼ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ያ ቀሚስ ስድስት ሳምንት ሙሉ የመኝታ ቤታችን በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኔም ስድስት ሳምንት ሙሉ «በሩ አልዘጋ አለኝ» እያልኩ አጉረምርሜአለሁ። ጥቁሩን ከቢጫው ጋር የያዙትን አርባ ጥቃቅን ማያያዣዎች አንድ በአንድ በእጇ ስትሰፋ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ መድረክ ላይ ልብስን የሚለውጠው መብራት እንደሆነ ግማሽ ሰዓት አስረድቻታለሁ። አፏ ውስጥ ስፒል ስለያዘች አልመለሰችልኝም፤ እኔ ዝምታዋን አድናቆት አድርጌ ወሰድኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የምመኝበት ሰዓት ቢኖር ይህንን ያስታወስኩበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየቱን ለእርስዎ ማስተዋል እተዋለሁ።

1ኛ. በሰባት ዓመት ውስጥ ስለ አራተኛው ረድፍ ወንበሮች መንጫጫት፣ ከውስጥ ስለማይቆለፈው የሴቶች መጸዳጃ በርና ስለ ሌላም ሌላም አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ቆይተው፣ በስህተት የጻፍኩትን አሥራ ሁለተኛውን በዘጠኝ ቀን ስለፈጸሙልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የትኛውን ደብዳቤዬን እንደሚሰሙ ባውቅ ኖሮ በሩን አስቀድሜ አስቆልፈው ነበር።

2ኛ. የአልባሳት ዘርፍ መሰረዙን ሲያስታውቁ የራስዎን ምክንያት ለመጻፍ ሳይደክሙ «አንድ ትጉህ ተመልካች ውብ አድርገው እንደገለጹት» ብለው የእኔን ዓረፍተ ነገር ስላስቀደሙ አመሰግናለሁ። ሰባት ዳኞች ተሰብስበው ያጡትን ምክንያት አንድ አሳንሰር ጠጋኝ ጉልበቱ ላይ ማግኘቱ ሊያኮራኝ በተገባ ነበር።

3ኛ. የእጩነቱን ደብዳቤ ለባለቤቴ ሲልኩ ማኅተም እንዳልነፈጓት ሁሉ፣ እጩነቱ መሻሩን ለመንገር ግን ሁለተኛ ወረቀት ባለማባከንዎ ለመንግሥት ንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ከሌላው ሰው ጋር እኩል፣ ቆማ፣ ከሰሌዳ ላይ አንብባዋለች።

4ኛ. ሽልማቶቹ ከአሥራ ሁለት የማይበልጡት መድረኩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ከዚያ በላይ ስለማይችል እንደሆነ ጽሕፈት ቤትዎ ነግሮኛል። ረቡዕ ዕለት የቴአትር ቤቱን የዕቃ ማንሻ ለመጠገን ስጠራ ሜትሬን አውጥቼ ጠረጴዛውን ለካሁት። የአበባ ማስቀመጫው ቢነሳ አሥራ ሦስት ይችላል። አበባው ደግሞ ፕላስቲክ ነው።

5ኛ. በሚመጣው ቅዳሜ በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ «የዓመቱ አርአያ ተመልካች» ተብዬ የምስክር ወረቀት እንድቀበል፣ «ከክብርት ባለቤትዎ ጋር» ተብሎ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ሁለት ወንበር ስለተያዘልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ከክብርት ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጬ ያ ዓረፍተ ነገር በማይክሮፎን ሲነበብ መስማትን የሚያህል ቅጣት እኔ ራሴ አስቤ አላገኝም ነበር። የጥሪ ካርዱን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ስለ ሸንጎው ከጠየቁኝ ሐኪሟ ካነጋገረችኝ ስድስት ቀኗ ነው፤ መምህሩ የእኔን ጥፋት በመቶኛ ለማስላት ሞክሮ ከመቶ በላይ ስለሆነበት ትቶታል። ሙዚቃዊ ቴአትራችን ግን ቅዳሜ ያሸንፋል። ብቻውን ስለሚወዳደር ያሸንፋል። የፈለግነውን አግኝተናል፤ እኔም በዚያ ሰዓት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የት እንደምቀመጥ አላውቅም።

አሁን ቀልዱን ልተወውና በቀጥታ ልለምንዎ። ባለቤቴ በዚህ ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ትወጣለች፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስሟ ለእጩነት የተጻፈው ይህችን አንዲት ጊዜ ነው። መጪው ዓመት ለእሷ የለም። ዘርፉን ይመልሱላት። ይሸልሟት አልልም፣ ብትሸነፍም በአዳራሹ ፊት ስሟ ተጠርቶ ትሸነፍ። ዘርፉን መመለስ ከክብርዎ የሚቀንስ ከመሰለዎ ደግሞ ዓረፍተ ነገሬን ይሰርዙና ከሥሩ «ጸሐፊው ያላየውን ነገር የለም ያለ ሰው ነው» ብለው ይለጥፉልኝ፤ ፊደሉ የፈለገውን ያህል ትልቅ ይሁን።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለወንበሮቹ ትዕግሥት፣ ለጠረጴዛው ርዝመት፣ ለእርስዎም ደብዳቤን እስከ መጨረሻው የማንበብ ጽናት ፈጣሪ እንዲሰጥ ከልብ የምመኝ፣

ዘጠኝ ጊዜ ተመልክቶ አንድ ጊዜ ያላየ፣
የቀድሞው አርአያ ተመልካች

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ መድረክ ላይ የሚለብሱት ካባ ትከሻው ሰፍቶዎት ኖሮ ጽሕፈት ቤትዎ ወደ አልባሳት ክፍል ልኮት፣ ክፍሉ ለባለቤቴ ሰጥቷት፣ ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ይዛው መጣች። የእኔና የእርስዎ ቁመት እኩል ነው ብላ ወንበር ላይ አቁማ አለበሰችኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትለካና ስትፈታ፣ ስትፈታና ስትለካ፣ ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። «ስምሽን ከውስጥ ጥለፊበት» ብላት «የሰው ልብስ ነው፣ ነውር ነው» አለችኝ። ጎረቤት ደርሳ እስክትመለስ ድረስ እኔ ጠለፍኩት፤ ካባውም ዓርብ ተመልሶልዎታል። እሷ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ከኋላ እንዴት እንደሚወርድልዎ ማየት አለብኝ ብላለች፤ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። እርስዎም ንግግር ሲያደርጉ ከአንገትጌዎ ሥር ማጅራትዎን የሚወጋዎት ነገር ካለ፣ ስሟ ነው። ስፌቱ የእኔ ነው፤ የእሷ ቢሆን ኖሮ አይታወቅዎትም ነበር።