ከዳሩ ሦስተኛው ድር፦ የወይዘሮ ጌታነሽ ትዕዛዙ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጌታነሽ ትዕዛዙ ከአባታቸው ከአቶ ትዕዛዙ ወልደ ሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች ገብረየሱስ፣ ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር፣ በኅዳር ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ገብስ ያርሱ ነበር፤ ከእርሻው ሲመለሱ ደግሞ ከሽመና ጉድጓዳቸው አይጠፉም። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ማግ የሚያቀብሏቸው፣ የተበጠሰ ድር የሚቀጥሉላቸው ጌታነሽ ነበሩ። ፊደል ከአጥቢያው መሪጌታ ዘንድ ቆጥረው ዳዊት ሲጀምሩ «ለሴት ይበቃታል» ተብለው ከትምህርቱ ወጡ። ይህን ቃል ሲሰሙት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከአቶ ገሠሠ ዓምደ ሚካኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቴዎፍሎስን፣ ፀደንያን እና የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ ጽናትን ወልደዋል። አቶ ገሠሠ ለብርድ የሚደረበውን የበግ ጠጉር ባና የሚሸምኑ ባለሙያ ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ገብስ ተሸክመው ገደል ለገደል ሲመጡ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ ቢያስርላቸውም ክንዱ ዳግመኛ መወርወሪያ አልያዘም።

ወይዘሮ ጌታነሽ በር ዘግተው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። በሩን የዘጉት በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም ስለሚባል ነው። እሳቸው ይሸምናሉ፣ አቶ ገሠሠ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። «የገሠሠ ባና» የሚለው ስም ከሞላሌ አልፎ ደብረ ብርሃን የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ አቶ ገሠሠ አንዲት ክር ሳያነሱ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ እሳቸውም ሙገሳውን አንገታቸውን ደፍተው ይቀበሉ ነበር።

ወይዘሮ ጌታነሽ ግን በእያንዳንዱ ጥቁር ባና ላይ፣ ከዳሩ ሦስተኛውን ድር ነጭ ፈትል ያደርጉ ነበር። ለማያውቅ ሰው የፈታይ ስሕተት ይመስላል። አንድ ቀን ባለቤታቸው አይተው «ይቺ ነጭ ምንድን ናት?» ቢሏቸው፣ «እሷማ እኔ ነኝ» አሏቸው።

አቶ ገሠሠ በ1988 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ጌታነሽ ሐዘናቸውን እንደ ጨረሱ ባናውን ራሳቸው ተሸክመው ሞላሌ ወጡ። ማን እንደ ሠራው ሲጠየቁ «እኔ» አሉ። በመቶ ሃያ ብር ይሸጥ የነበረው ባና፣ ያው ጠጉር፣ ያው እጅ፣ ሰባ ብር ተባለ። ሰባ ያሉት የባና ነጋዴው አቶ ይታየው ናቸው። «የሴት ሽመና ሲታጠብ ይተረተራል» አሉ፤ ገበያውም ተቀብሎ አስተጋባ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ የሳቀም ነበር። ዛሬ ለቀብሯ ከመጣችሁት መካከል የሳቃችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እናታችን እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተው፣ ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ዓለም ከተማ ሄዱ። እዚያ «ባሌ ነው የሠራው» ብለው ቢናገሩ መቶ ሃያ ብሩ ያለ ክርክር ተከፈላቸው። በሙት ባላቸው ስም መዋሸታቸው ግን እንቅልፍ ነሳቸውና ለነፍስ አባታቸው ለአባ ተክለጻድቅ ተናዘዙ። አባ መቶ ስግደት ሰጧቸው። «እሺ አባቴ፤ እውነቱን ስናገር ሰባ ብር የሚሰጡኝስ ስንት ይስገዱ?» ብለው ጠየቁ። አባ ዛሬ እዚህ አሉ። መልሱን እስካሁን አልሰጡም።

በ1993 ዓ.ም. የሸማኔዎች ማኅበር ሲቋቋም ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት ያው አቶ ይታየው ነበሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ብዙ ተጨበጨበ። ወይዘሮ ጌታነሽ በሸማኔነት እንዲመዘገቡ ቢያመለክቱ ባናቸው ታጥቦ ይፈተን ተባለ። በእንዶድ ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ድንጋይ ላይ ተወቀጠ፤ ከቦታው የተነቃነቀ ክር አልተገኘም። አቶ ይታየው አገላብጠው አይተው «ይሄ ገሠሠ ትቶት የሄደው ይሆናል» አሉ። አቶ ገሠሠ ከሞቱ አምስት ዓመት፣ ክንዳቸው ከተሰበረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ይህን እያወቀ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እናታችን በፈታይነት ተመዘገቡ። የሸማኔ የቀን ሒሳብ ዘጠኝ ብር፣ የፈታይ ሦስት ብር ነበር።

በቀን ሦስት ብር ልጆች ማስተማር አይቻልም። ዓለም ከተማ ሄደው ዳግመኛ መዋሸትንም ስላልፈለጉ፣ ቤታቸው የሚሸምኑትን ባና ለአቶ ይታየው በሰባ ብር ይሸጡ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ሥራ የያዘው ወንድማችን ቴዎፍሎስ፣ አቶ ይታየው ባና ዘርግተው «የገሠሠ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ አታገኙም» እያሉ በመቶ አርባ ብር ሲሸጡ አገኛቸው። ጠጋ ብሎ ዳሩን ቢያይ ነጯ ፈትል አለች። የሴት ሽመና ይተረተራል የሚለውን ወሬ ያን ያህል ዓመት ያሞቁት ሰውዬ ለምን እንዳሞቁት ያን ጊዜ ገባን። ባናው ቢተረተር ኖሮ መጀመሪያ የሚከስሩት እሳቸው ነበሩ።

ቴዎፍሎስ ሊጣላ ተነሣ። እናታችን ያዙት። «ተወው ልጄ። ብንናገር ሰባውም ይቀርብናል። ስሞት ግን በሰው ፊት ይነበብልኝ፤ ያን ጊዜ ዋጋ የሚቀንስብኝ የለም» አሉት። ይህ ጽሑፍ ኑዛዜያቸው ነው። የተቀየመ ካለ ቅያሜውን ለእኔ ያድርገው፤ እኔ አልጠላውም።

ወይዘሮ ጌታነሽ የጠጉሩ ብናኝ ደረታቸውን ጎድቶት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሳል ሲሰቃዩ ቆይተው፣ በሕክምና ሲረዱ ኖረው፣ ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐርፈዋል። የሦስት ልጆች እናት፣ የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። የመጨረሻው ባናቸው ግማሹ ተሠርቶ ጉድጓዱ ላይ ነው። እኔ ሴት ልጃቸው በሩን ከፍቼ እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ ብርዱ ጠንክሯል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ባናውን ደርቧል። እባካችሁ ጫፉን ገልጣችሁ እዩት። ከዳሩ ሦስተኛው ድር ነጭ ከሆነ የለበሳችሁት የገሠሠን አይደለም። ስንት ጊዜ እንዳጠባችሁት እናንተው ታውቃላችሁ። አቶ ይታየው የደረቡትን መግለጥ አያስፈልጋቸውም። በእጃቸው ካለፈው ሁሉ ያንን አንዱን ሳይሸጡ ለራሳቸው ያስቀሩት የማን እጅ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

ለሁሉም በአንድ ሚዛን የሚመዝን አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከደጋግ እናቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ሰውን በቁሙ የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሜን።

ልጃቸው ጽናት ገሠሠ