አጥራችን ላይ የተቀባው ኖራ

ኮልፌ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ ሳልህ ዛሬም አልተወህም መሰለኝ፤ ማር በዝንጅብል ልኬልሃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሌ መሸሻም ደህና ነው። ደህና ነው ብዬ መጻፌ እኔንም ይደንቀኛል።

ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ጣሊያኖቹ ወንድ እየለቀሙ ወደ ሰፈራችን ዘለቁ። መሸሻ ከመጋረጃው ጀርባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ። መኮንኑ ደጃፌ ላይ ቆመ። አስተርጓሚው ቀድሞ ገባና መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። አየው። መልሶ ጋረደው። ወጥቶ በነሱ ቋንቋ አንዲት ነገር ሲናገር መኮንኑ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ ኋላው! አጥራችንን እንደ ተላላፊ በሽተኛ ቤት ኖራ አስቀብቶ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ደጃችንን የረገጠ ወታደር የለም። ልጅ ሆነን ከየኔታ ዱላ ለማምለጥ በየሳምንቱ የሚወጣብህን ፈንጣጣ ታስታውሳለህ? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ጎረቤቱማ ምክንያት ፍለጋ ተያዘልህ! እማማ ትርንጎ፣ ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም፣ ለገብርኤል ተስዬላችሁ ነው አሉ። ሸማኔው ነገሬ ደግሞ፣ ምን ስለት እማማ፣ ጣሊያኑ ምሳው ደርሶበት ነው እንጂ ብሎ አሳቀን። እማማ ትርንጎም ስቀው ስቀው፣ ታዲያ የኔ ጥሩሰው በምን ምክንያት ቀረ? አሉ። ልጃቸው በእልቂቱ ለት ዓርብ እንደ ወጣ ነው። ለሱም ተስለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ እንጃ እላለሁ። ማመስገኔን ግን አልተውሁም።

የአስተርጓሚውን ፊት ጎረቤት አላየውም፤ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ ነበር። ሲወጣ ግን ሳለ።

ያን ባርኔጣ ያደረግህ ለት፣ ከእንግዲህ እህት የለህም ብዬ የላክሁብህን ቃል መልስልኝ። ከተናገርኋቸው ቃሎች ሁሉ የምጸጸትበት እሱ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ብርቅዬ ታማኝ ናት፤ አንብበህ ቅደደው።

ለፋሲካ ባርኔጣህን አውልቀህ ና። ከዶሮው ፈረሰኛው ብልት የአባወራው ድርሻ መሆኑን ታውቃለህ፤ ዘንድሮ ላንተ አስቀምጫለሁ። መሸሻ፣ አንቺ፣ ለዚህ ሰው በምን ምክንያት? ቢለኝ፣ እንጃ እለዋለሁ።

ሰው የሚሰውር አምላክ አንተንም ይሰውርህ።

እህትህ