የሰፈራችን ማጣሪያ ቢሮዎ ገብቶ ስለ መቅረቱ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መጠየቄ ለወግ ያህል ነው፤ ቢሮዎ ውስጥ የሚጠጡት ውሃ የተጣራ መሆኑን ስለማውቅ ብዙም አልሰጋልዎትም።

እኔ ከጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ በታች የሴቶች ፀጉር ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ፋብሪካው ጨርቅ በነከረ ቁጥር ቧንቧችን ቀለም ይዞ ስለሚመጣ፣ ሽበታቸውን ሊታጠቡ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ፀጉራቸው ወይን ጠጅ ሆኖ ወጥተዋል። እሳቸው መስታወት አይተው እንዲያውም አማረብኝ ብለው ሳቁ። እኔ ግን በዚያው ውሃ ታጥባ ገላዋ ሽፍ ያለባትን ልጄን አስቤ መሳቅ አቃተኝ።

ሁለተኛ፦ ኬሚስቷ ታናሽ እህቴ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችውን ማጣሪያ በሰፈራችን ቦኖ ላይ እንድትገጥም ስለ ፈቀዱ እናመሰግናለን። ውስጡ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች አሉ፤ ቀለሙንና መርዛማውን ብረት ለቅመው እንዲያስቀሩ ገጻቸው በኬሚካል ተለውጧል። ሪባኑን የቆረጡትም እርስዎ ነዎት። ውሃው ጠራ፣ ልጄም ዳነች።

ሦስተኛ፦ ማጣሪያው «ለጥንቃቄ» ተነቅሎ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስለ ተወሰደ ከሌባ ስጋት ገላግለውናል። ልጄም ማከኳን ቀጥላለች።

ከእህቴ ጋር አቤት ልንል ስንመጣ ጸሐፊዎ ውሃ ጋበዘችን። እንዲህ ኩልል ያለ ውሃ ከየት መጣ ብለን ዞር ስንል ማጣሪያችን ከጀርባዋ ቆሟል። እርስዎም በርዎን ገርበብ አድርገው ጉዳዩ እየተጠና መሆኑን ገለጹልን። እህቴ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች።

እኔ ግን በማግስቱ ጎረቤቶቼን ከነጄሪካናቸው ይዤ መጣሁ። ዘበኛው ሊመልሰን ሲነሣ፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን «ተገልጋይን በፈገግታ እናስተናግዳለን» የሚል ጽሑፍ ጮክ ብለን አነበብንለት። ፈገግ ብሎ አሳለፈን። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከማጣሪያው እየቀዳን ኮሪደርዎን ስናረጥብ በትዕግሥት ስለሚመለከቱን ውለታዎ አለብን። ማጣሪያው ወደ ቦኖው እስኪመለስ ድረስም ከደጅዎ አንጠፋም።

መቀመጫዎ እንዲመችዎ፣ ጥናትዎም አንድ ቀን እንዲያልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣
ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣
ወረፋ ጠባቂዎ ፀጉር ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ወይዘሮ ባለቤትዎ መሆናቸውን ያወቅሁት ጄሪካናቸውን ሳሸክማቸው ነው። የቤታችሁ ውሃ እንኳን ለመጠጥ ለልብስም አልሆነም ይላሉ። እርስዎን ለማነጋገር ቀጠሮ ስላጡ መልእክቱን እንዳደርስላቸው አደራ ብለውኛል።